የበላቸው ግጥም

ጎንደር አራዳ፣ የስፌት ማኪናዬን ከዘረጋሁበት በረንዳ ላይ፣ ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ይመጣና ክርክር ይዞ ይውላል። በዚያ ሰሞን ክርክሩ ሁሉ ስለ አዝማሪ ክንዱ ነበር። ክንዱ ከአዘዞ አዝማሪዎች ወገን ነው። አዲስ አበባ ገብቶ፣ በሬዲዮ ዘፍኖ፣ ሸክላ አስቀርጾ፣ አገር ያወቀው ሰው ሆኗል። የሰፈራችን አስተማሪ ቢያዝን «ክንዱ ከራሱ የሚያፈልቅ ሰው ነው» ይላል። አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ደግሞ «ለቃሚ ነው እንጂ ምን ያፈልቃል፤ ከየገጠሩ የለቀመውን አሳምሮ ያቀርባል፣ የኔ የሚለው አንድ ስንኝ የለውም» ይላል። ሁለቱም የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ይሟገታሉ። እኔ መርፌ በከንፈሬ ይዤ ስለምሠራ ዝም እል ነበር።

ዛሬ መርፌውን አስቀምጬ ልናገር። የምናገረው ግን ስለ ክንዱ አይደለም፣ ስለ እትዬ እናኑ ነው። እሷን ሳያውቁ ስለ ክንዱ ዘፈን መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

እትዬ እናኑ በተወለድኩበት መንደር፣ በጠዳ፣ ጎረቤታችን ነበረች። የእሷና የእናቴ የአበቡ ጓሮ በአንድ አጥር ነው የሚለየው። ረጅም፣ አጥንተ ሰፊ፣ ቶሎ የምትቆጣ ሴት ናት። ባሏ አያ ነጋ ገበሬ ነው፤ ሲናገር የማይሰማ፣ ሲበላ የማይታይ የሚሉት ዓይነት ሰው። ከወለደቻቸው ልጆች በላቸው ብቻ ነበር ያደገላት። ሥራዋ አልቃሽነት ነው። ሰው ሲሞት ከአዘዞም፣ ከጎንደርም፣ ከዚያ ማዶ ካለው ደጋም በቅሎ እየተላከላት ትሄዳለች።

አልቃሽ ብዙ ነው፤ እሷ ግን ሌላ ነበረች። ሌሎቹ ደርሰው ከለቅሶው መሐል ገብተው «ጀግናው፣ ደጉ» ይላሉ፤ ለማንም የሚሆን ነገር ነው። እትዬ እናኑ አስቀድማ ከሟች ቤት ትገባና ከቤተሰቡ ጋር መደብ ላይ ትቀመጣለች። ስለ ደግነቱ አትጠይቅም። «ሲናደድ ምን ይል ነበር? እንጀራውን ከየት በኩል ነበር የሚጀምር? ማንን ነበር የሚያኮርፍ?» ነው የምትለው። ከዚያ ወጥታ ከሴቶቹ ክብ መሐል ትቆምና አንድ ግጥም ታወጣለች። ሴቶቹ ይቀበሏታል። ሟቹን የማያውቅ መንገደኛ እንኳ ቆሞ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

አንድ ሕግ ነበራት። ለአንድ ሙት ያወጣችውን ግጥም ለሌላ ሙት አትደግመውም። አንድ የአዘዞ ባለጠጋ አባቱ ሲሞት «ለእንትና ያወጣሽውን ያን የበቅሎውን ግጥም ለአባቴም አውጪልኝ» ብሎ ለመናት። ባለጠጋ ሲለምን ደግሞ ልመናው ትእዛዝ ነው። እሷ ግን «ሰው በሰው ከፈን ይቀበራል ወይ?» ብላ በመጣችበት በቅሎ ተመለሰች። ሰውዬው ዓመት ሙሉ ስሟን ሲያጠፋ ከረመ። የሙት ግጥም የሙት ነው፤ ያወጣችው እሷ ብትሆንም የእሷ አይደለም። ይህን የምትለው እንደ ትልቅ ምሥጢር ሳይሆን ውሃ ቁልቁል ይወርዳል እንደሚባለው ነው።

በላቸው በእናቱ ሥራ ያፍር ነበር። የመንደሩ ልጃገረዶች «የአልቃሽ ልጅ» እያሉ ይጠሩታል። ለቅሶ ላይ እናቱ ድምፅዋን ስታወጣ እሱ ከወንዶቹ ሁሉ ራቅ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ ይቆማል። ራሱ ዘፈን አያውቅም፣ ቢዘፍንም በሬ ከሚያገሳው አይሻልም። እጁ ግን ወርቅ ነበር። የተሰበረ ሞፈር፣ የተበጠሰ ምራን፣ የእኔን አሮጌ መቀስ ሳይቀር ጠግኖ ይሰጥ ነበር። ብዙ አይናገርም። እወደው ነበር።

የአያ ነጋ አንዱ በሬ በበሽታ ሞተ። ባንድ በሬ አይታረስም፣ በመቀናጆ፣ ከሰው በሬ ጋር እያጣመሩ፣ ደግሞ እስከ መቼ። ያኔ የሁመራ ሰሊጥ አገሩን ሁሉ ያስጎመጀበት ጊዜ ነው። መስቀል ሲያልፍ የጠዳና የአዘዞ ጎረምሳ በጭነት ማኪና እየተጫነ ቆላ ይወርዳል። በላቸውም «በሬ ገዝቼ እመለሳለሁ» አለ። እናቱ እምቢ አለች፣ አስፈራራች፣ አኮረፈች። «ቆላ ሰው አይመልስም» አለችው። እሱ «አያ ነጋ ብቻውን ቀንበር ይጎትት ወይ?» አላት፤ አባቱን እንደ ሰፈሩ ሁሉ አያ ይለው ነበር። በሶውን ራሷ ቋጥራ ሰጠችው።

መርዶው የመጣው ከገና ጾም መግቢያ በኋላ ነው። በእኛ አገር መርዶ ማለዳ ነው የሚነገር፤ ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ ተሰብስበው ከበር ይቆማሉ። እትዬ እናኑ ስንት ጊዜ ከእነሱ ጋር ቆማ መርዶ አርድታለች። ያን ቀን በሯን ከፍታ የቆሙትን ስታይ ማንም አንድ ቃል ሳይናገር ወደቀች። በላቸው ሰሊጥ እያጨደ ሳለ ወባ ይዞት በሦስተኛው ቀን ሞቷል። እዚያው ከሌሎች የቀን ሠራተኞች ጋር ቀብረውታል። የት ጋ እንደሆነ በእርግጥ የሚያሳይ ሰው አልነበረም፤ ጉድጓዱ የተቆፈረው ለብዙ ሰው ነው። ጓደኛው ጋቢውን ይዞላት መጣ።

ለቅሶው በጋቢው ላይ ሆነ። ጋቢው አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ ዙሪያውን ሰው ሞልቶ። በልማዱ እናት ለልጇ አታወጣም፣ ሌላ አልቃሽ ናት የምታወጣ። ሁለት አልቃሾች ከአዘዞ መጥተው ነበር። አንደኛዋ አፏን ስትከፍት እትዬ እናኑ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«ተቀመጡ» አለቻቸው። «እናንተ አታውቁትም።»

ከዚያ ወደ ክቡ መሐል ገብታ፣ ደረቷን ሳትደቃ፣ ፊቷን ሳትነጭ፣ እጇን ወደ ጋቢው ዘርግታ አወጣች፦

*ጋቢህ ዳገት ወጣ ሰው ተሸክሞልህ፣*
*ምነው ለገላህ ግን ትከሻ ታጣልህ።*

*የሰው ሰሊጥ አጭዶ ነዶ ሲያስገባ፣*
*አጫጁ ታጨደ በማያውቀው ወባ።*

*በሬን አልዘጋሁም ይግባ ውርጩ ይግባ፣*
*ቆላ የወረደው ደርሶ እስኪገባ።*

መጨረሻይቱን ደጋግማ አወጣቻት። እውነትም ነበር፤ መርዶውን ከሰማች ጀምሮ የቤቷ በር አልተዘጋም። አያ ነጋ በብርዱ እየተንቀጠቀጠ አብሯት ያድር ነበር እንጂ ዝጊው አላላትም። እኔ ከወንዶቹ መሐል ቆሜ አለቅስ ነበር። ከኋላዬ ማሲንቆውን በቆዳው በኩል ወደ መሬት ደፍቶ በብብቱ የያዘ አንድ ወጣት ቆሟል። ከአዘዞ ለቅሶ ደራሾች ጋር የመጣው ክንዱ ነው። ያኔ ስሙን ከሰፈሩ ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። እሱም ያለቅስ ነበር። ከንፈሩ ግን ከሴቶቹ ጋር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ይቀበል ነበር።

ለቅሶው አለፈ፣ ተዝካሩም ወጣ። ሌላዋ እናት ለበዓል ለሰንበት ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ከልጇ መቃብር ላይ ትቀመጣለች። እትዬ እናኑ የምትቀመጥበት የላትም። ጓሮዋ ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ ትቀመጥና ያችኑ ግጥም ለራሷ ታወጣታለች፣ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። እናቴ አንድ ቀን በአጥሩ በኩል «እናኑ፣ በቃሽ እኮ፤ ዐይንሽ ሊጠፋ ነው» አለቻት።

«ሌላው መቃብር አለው አበቡ» አለች። «የእኔ ልጅ መቃብሩ ይቺ ግጥም ናት። ይቺን ከተውኩ የት ነው ያለ?»



የክንዱን ዘፈን ከመንደራችን ሰው መጀመሪያ የሰማሁት እኔ ነኝ፣ እዚሁ አራዳ፣ ከፊት ለፊቴ ካለው ሱቅ ሬዲዮ። እግሬ ከማኪናው መርገጫ ላይ ቀረ። ዜማው ፈጥኗል፣ ትከሻ እንዲያስነሣ ሆኗል። ጋቢው የለም፣ ሰሊጡም ወባውም የሉም። «በሬን አልዘጋሁም» ግን አለች። በክንዱ አፍ ውርጩን ችላ በሯን ከፍታ የምትጠብቅ ቆንጆ ሆናለች፣ ቆላ የወረደውም ወዳጇ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ሸጋ ነበር። ያ ነው የበለጠ ያናደደኝ። ዘፈኑ መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሰው በሳምንቱ ይረሳው ነበር።

አልተረሳም። ጠዳ መንገድ ዳር ያለው ጠላ ቤት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ገዛ። በዚያ ዓመት ያለ እሱ ዘፈን የተዳረች ልጅ የለችም። እትዬ እናኑ ሰርግ በሰማች ቁጥር ወደ ወንዝ ትወርድና ከበሮው እስኪያባራ እዚያው ትቀመጣለች። «ሰርገኛ ምን ያውቃል» ብላ ለእናቴ ነገረቻት።

የበላቸው ሙት ዓመት ደረሰ። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ከከተማም ዘመድ መጣ። እትዬ እናኑ ጋቢውን ዘርግታ፣ ዐመቱን ሙሉ ለብቻዋ ያቆየቻትን ይዛ ተነሣች። «በሬን አልዘጋሁም» ብላ ጀመረች። ልጃገረዶቹ ተቀበሉ። የተቀበሉት ግን በሬዲዮው ዜማ ነው። ክፋት አልነበራቸውም፣ አፋቸው የለመደው እሱን ነው። አንዷ ሳታውቀው አጨበጨበች። አንዷ ትከሻዋ ነቅነቅ አለና ደንግጣ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የከተማ ሴት ለጎረቤቷ የነገረቻት ለሁላችንም ተሰማ።

«ምነው፣ የክንዱን ዘፈን ለልጇ ሙት ዓመት ታወጣለች? የራሷ አጣች?»

እትዬ እናኑ ግጥሙን አቋረጠች። አያ ነጋ ተነሥቶ ጋቢውን አጥፎ ወደ ቤት አስገባው። በዚያው ተበተንን።

ከዚያ ወዲያ ወሬው እሷን ቀድሞ ይደርስ ጀመር። የመጀመሪያው ለቅሶ ላይ ያልነበረ ሰው ሁሉ፣ እናኑ ከሬዲዮ እየሰማች ነው የምታለቅሰው አለ። በቅሎ የሚልክላት አነሰ። የሚልክላትም «የአባታችንን ግን ከዘፈን አትቀላቅይብን» ብሎ ይልካል። አንድ ቀን ገበያ ላይ ልጆች «አልቃሽ ሬዲዮ» ብለው ሲጠሯት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያችን «ሰው በሰው ከፈን ይቀበራል ወይ» ያለችውን ሴት። እነዚያን ልጆች በመለኪያ ዘንጌ ሳልገርፋቸው በመቅረቴ እስካሁን ይቆጨኛል።

ክንዱ ለጥምቀት ጎንደር መጣ የተባለ ዕለት እትዬ እናኑ በረንዳዬ ላይ መጣች። አስተማሪ ቢያዝን ኮቱን ሊቀበል ተቀምጦ ነበር። ቁጭ አለችና የመጣችበትን ነገረችኝ፦ ክንዱ ካለበት ውሰደኝ፤ ያችን ግጥም ይተዋት፣ እንዳይዘፍናት እነግረዋለሁ አለች። ቢያዝን ክርክር ሸተተውና ተጠጋ።

«እናቴ፣ ግጥሙ የእርስዎ ነው ነው የሚሉት?»

«የእኔ አይደለም። የበላቸው ነው።»

«በላቸው ገጣሚ ነበር?»

«አይ። ሙት ነው።»

ቢያዝን ትንሽ ግራ ገባው። «ዜማውስ? ዜማውም ከእርስዎ የተወሰደ ነው?»

«ዜማው የእናቴ ነው፣ እሷም ከእናቷ ነው የያዘችው። ዜማ የማንም ነው፣ ይውሰደው። ማን አወጣው ብዬ ልሟገት አልመጣሁም ልጄ። ስሜን ይጥራልኝም አላልኩ። ልጄን ይተውልኝ ነው የምል።»

ቢያዝን ወደ እኔ ዞሮ «ይኸው፣ ዜማውም ከእናት ከአያት ነው፤ እንግዲህ ማን ነው ፈጣሪው?» አለኝ። ነገሩ ገብቶት እንዳልገባው የሚያወራ ሰው አያናድድም ትላላችሁ? ኮቱን ሳልጨርስ ሰጥቼ ሰደድኩትና ማኪናዬን ከድኜ ተነሣሁ።

ክንዱ ያለው እዚያው አራዳ ከአንድ ጠጅ ቤት ነበር። ጀምበር ሳትጠልቅ ነው የደረስነው፤ ቤቱ ግን ከወዲሁ ሞልቷል፤ በር ላይ ቆመው የሚያዩም ነበሩ። ክንዱ ሱፍ ለብሶ፣ አንድ የወርቅ ጥርስ አስተክሎ፣ ማሲንቆውን ታቅፎ በሰው መሐል ይዞራል። የአዝማሪ ቤት ሕግ ማንም ያውቀዋል፦ እንግዳ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፣ አዝማሪው በዜማ ይቀበላል። ስድብ ቢሆን ይቀበላል፣ በራሱ ላይ ቢሆንም ይቀበላል። እምቢ ያለ አዝማሪ አዝማሪ አይደለም። ሁለት ሰው ሰጠ፣ ተቀበለ፣ ተሳቀ። እኔ «ቆይ፣ ሲወጣ ብቻውን እናነጋግረዋለን» ልላት ስዞር እትዬ እናኑ ከአጠገቤ የለችም። ከመሐል ቆማለች።

አሁን ሳስበው፣ ሌላ አገር የተወለደች ሴት ብትሆን በተጣላች፣ በተሳደበች፣ ዳኛ በጠራች። እሷ ግን ዕድሜዋን ሁሉ ስትቆም የኖረችው በሰው ክብ መሐል ነው። ከልቧ ያለውን የምታወጣበት ሌላ መንገድ አታውቅም።

«ተቀበል» አለችው።

ክንዱ ፈገግ ብሎ ማሲንቆውን ወደ እሷ አዘነበለ። እሷም በዘፈን አይደለም፣ በለቅሶ ድምፅዋ ነው ያወጣችው፦

*መቃብር የለውም በላቸው ልጄ፣*
*ግጥሙን መልስልኝ ልቅበረው በእጄ።*

የክንዱ ቀስት ከጭራው ላይ ተነሥቶ ቆመ። አወቃት። ፊቱ ላይ ያየሁት ድንጋጤ የውሸት አልነበረም፣ ለዚህ እመሰክርለታለሁ። ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ብርሌው ሁሉ ካለበት ቆሟል። ተሰጥቶታል፣ መቀበል አለበት። ዐይኑን ጨፈነና ተቀበለ።

እንዴት አድርጎ ተቀበለ። እንዲያ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። «ልቅበረው በእጄ» የምትለውን ወደ ታች አውርዶ፣ አውርዶ፣ ማሲንቆው ራሱ ሊያነባ እስኪደርስ ጎተታት። አንድ ጠና ያለ ሰውዬ ብርሌውን አስቀምጦ ተንሰቀሰቀ። ሌላው ተነሥቶ ብር በምራቁ አርሶ ከክንዱ ግንባር ላይ ለጠፈ። ሌላም ለጠፈ። «ድገመው» አሉት። ደገመው። በሦስተኛው ቤቱ ሁሉ አብሮ ያዜም ነበር፣ «መቃብር የለውም በላቸው ልጄ» እያለ፣ በላቸውን የማያውቀው ሁሉ።

እትዬ እናኑ መሐል እንደቆመች ዙሪያዋን ታይ ነበር። ያኔ ነው ምን እንዳደረገች የገባት። ልትወስድ መጥታ ጨምራ ሰጠችው።

ክንዱ ሲጨርስ ማሲንቆውን አስቀምጦ ወደ እሷ መጣና ጉልበቷን ሊስም ጎንበስ አለ። አልከለከለችውም፣ አልመረቀችውምም። ከግንባሩ ላይ ብሩን ሁሉ ሰብስቦ ሊያስይዛት ሲል እጇን ከነጠላዋ ውስጥ ከተተች።

«ለምን ወሰድክብኝ?» አለችው። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው፤ ከክንዱና ከእኔ በቀር የሰማ የለም።

«እናቴ፣ አዝማሪ ምን አለው?» አለ ክንዱ። «የተሰጠውን ነው የሚቀበል። አንቺ በአደባባይ ሰጠሽ፣ እኔ ተቀበልኩ። ለቅሶው ላይ ቆሜ ሰምቼሽ ስንት ጊዜ እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

«ለሙት ነው የሰጠሁት።»

«ሙት አይቀበልም እናቴ» አላት። በክፋት አልነበረም፣ በእውነት አዝኖ ነው የተናገረው። «የሚቀበል ያለ ሰው ነው።»

እትዬ እናኑ ዞራ ወጣች። እስከ አዘዞ መንገድ ሸኘኋት።

ፋሲካ አልፎ አዲሱ ሸክላ መጣ። አዲሷ ግጥም አለችበት፣ የበላቸው ስም ሳይቀር። ጉዱን ልንገራችሁ፤ ቢያዝን ሸክላውን ሰምቶ እየሮጠ መጣና «አሁንስ አመንክ? እንዲህ ያለ ግጥም ከየትኛው ገጠር ይለቀማል? ይህን ከክንዱ በፊት ማን ሰምቶት ያውቃል?» አለኝ። ጸሐፊው ሳይቀር ለጊዜው ተረታ። እኔ የሆነውን ነገርኳቸው፤ ጠጅ ቤት ነበርኩ፣ በዐይኔ አይቻለሁ አልኩ። ቢያዝን አሰበና «እንደዚያም ቢሆን እሷ ሰጠችው እኮ፤ ወዳ ነው ተቀበል ያለችው» አለ። ልክ ነው፤ ወዳ ነው ያለችው። ተናድጄ እጄን በመርፌ ወጋሁት።

እትዬ እናኑ ጓሮዋ ውስጥ ካለው ድንጋይ ላይ መቀመጥ ተወች። እናቴ ስትነግረኝ በሯንም ዘጋች። ብርዱን ፈርታ አይደለም፣ በሯን ከፍታ ብታድር በዘፈኑ እንዳለችው ቆንጆ ወዳጅ የምትጠብቅ ስለሚመስል ነው። ለለቅሶ የሚጠራት ሲመጣ «ድምፄ ሄዷል» ትላለች። ድምፅዋ አልሄደም ነበር።

በሚቀጥለው ክረምት አያ ነጋ ታመመ። ሳል ነበር የጀመረው፣ ከዚያ ደም ተጨመረበት። ጠይቄው ልሄድ ስነሣ እጄን ያዘኝ። ያ ዕድሜ ልኩን ዝም ያለ ሰው ያን ቀን ተናገረ፣ ለእኔ ሳይሆን ከራስጌው ለተቀመጠችው ለሚስቱ።

«እናኑ፣ ለሰው ሁሉ ስታወጪ ነው የኖርሽ» አላት። «እኔን ሸጋ አርገሽ ታለቅሽኛለሽ አይደል?»

«አለቅስሃለሁ» አለችው።

«በሬውንም አንሺልኝ። መጀመሪያ የገዛሁትን፣ ዳማውን።»

«አነሣልሃለሁ።»

አያ ነጋ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

ለቀብሩ ያልመጣ ሰው አልነበረም። ሰው ያዘነውን ያህል የጓጓም ነበር፣ መዋሸት አልችልም፤ እናኑ ለባሏ ምን ታወጣ ይሆን ነው የሁሉም ሐሳብ። ከጎንደር ድረስ የመጡ ነበሩ። ሴቶቹ ክብ ሠርተው ቆሙ። እትዬ እናኑ መሐል ገባች። እጇን ወደ ሬሳው ዘረጋች፣ አፏንም ከፈተች። ከዚያ ዙሪያዋን አየች። ልጃገረዶቹ ከንፈራቸውን አዘጋጅተው ሊቀበሏት ይጠብቃሉ። ከወንዶቹ ኋላ የማላውቃቸው ሰዎች አንገታቸውን አስግገዋል።

ነጠላዋን አነሣችና አፏን ሸፈነች። እዚያው እንደቆመች ቀረች። ሰው ጠበቀ፣ ጠበቀ። ሌላ አልቃሽ ልትጀምር ስትል እጇን አውጥታ በምልክት ከለከለቻት። ቄሶቹ ግራ ተጋብተው ፍትሐቱን ቀጠሉ፤ አያ ነጋም አንድ ግጥም ሳይወጣለት ተቀበረ።

መንደሩ አልማራትም። ባሏን እንደ ውሻ ዝም ብላ አስቀበረች ተባለ። የባሏ ወንድሞች እስክትሞት ድረስ ደጇን አልረገጡም። እኔም ተቆጥቼባት ነበር። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ሄጄ «እትዬ እናኑ፣ ለአያ ነጋ እንዴት አንድ ነገር አጣሽለት? ቃል ገብተሽለት አልነበረም ወይ?» አልኳት።

«ነበረኝ» አለች። «ከዚያ ሁሉ ካወጣሁት የሚበልጥ ነበረኝ። ከነበሬው።»

«ታዲያ ምነው?»

«ካወጣሁት ይቀበሉታል» አለች። «እሱን እንኳ ለብቻዬ ልቅበረው።»

እሷም በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ለአያ ነጋ የነበራት ግጥም ምን እንደሚል የሚያውቅ ሰው የለም፣ እኔም አላውቅም።